ሰባት ርግቦችና አንድ ኩባያ

«አንድ ኩባያ ጎድሏል» አለች አክስቷ ለአራተኛ ጊዜ ቆጥራ ስትጨርስ። «ሃያ አራት ነበሩ፤ ያለው ሃያ ሦስት ነው። የለቅሶ ቤት ኩባያ የሚሰርቅ ሰው አለ እንዴ?»

ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተዋሱ ወንበሮች ተጨናንቆ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። ቀብሩ ትናንት ነበር። ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነውና የሰዉ ድምፅ ከትናንቱ ከፍ ብሏል፤ ከጥግ በኩል እንዲያውም ስለ ውሃ መጥፋት የሚያወሩ ነበሩ።

ትንሿ በበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የገባ ሰው ሲያቅፋት ትታቀፋለች፣ ሲለቃት ትለቀቃለች። «ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷት «ትንሿ» የሚላት አባቷ ነበር፤ ስሙ ከእሱ ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ ጎረቤት ተሻግሮ እንደ ወጣ ቀረ። ከትናንት ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንባ ከዓይኗ አልወጣችም፤ ይህን ደግሞ ቤቱ ሁሉ አይቷል።

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ በሹክሹክታ ያለች መስሏት።

«ተያት ባክሽ፣ ደንዝዛ እኮ ነው» አለች ሌላዋ።

ትንሿ ሁለቱንም ሰማች። ሁለተኛዋ ልክ ናት ብላ አሰበች። ጥርስ ሊነቀል መንጋጋ ሲደነዝዝ፣ በጣት ሲነኩት እንዳለ እየታወቀ የማይሰማው ነገር አለ፤ ልክ እንደዚያ ነበር። አባቷ መሞቱን ታውቃለች። አይሰማትም።

«የጠፋውን አወቅሁት!» አለች አክስቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ። «የራሱ ነው፤ የወንድሜ። ያ አፉ የተላጠው ሰማያዊ የብረት ኩባያ። ሰውየው ሄደ፣ ኩባያውም አብሮ ሄደ!» ይህን ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አክስቷ እያለቀሰች መቁጠርና እየቆጠረች ማልቀስ የምትችል ሴት ናት።

በዚህ መሀል አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ከጣሪያው ወርዶ እያለከለከ ገባ።

«ጉድ እኮ ነው» አለ ደረቱን ይዞ። «ወፎቹም ለቅሶ ላይ ናቸው። አንዷ አንገቷን ጠምዝዛ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። የሄደበትን ነው የምታየው! በዓይኔ በብረቱ አይቼ መጣሁ።»

ቤቱ «እህህ» አለ። «እንስሳ ከሰው ይበልጣል» አለች ያቺው ለቀስተኛ፣ ወደ ትንሿ ዞር ብላ።

ትንሿ ተነሳች። «አንገቷ ብቻ ነው? ወይስ ትንቀጠቀጣለችም?»

«ምን?»

«ኩሷስ? አረንጓዴ ነው? ውሃ ውሃ ይላል?»

ስለ ውሃ መጥፋት የሚያወሩት ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። የአባቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ስለ ወፍ ኩስ የሚጠይቅ ሰው የሚታየው ዓይነት አስተያየት ነው።

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ ልጄ» አለ አጎቷ እያፈረ። «ሐዘን ነው አልኩሽ እኮ።»

ትንሿ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

አባቷ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። የከተማውን ሕዝብ ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ፣ እሱ ራሱ ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ አረጀ። «እኔ ቤት ስመጣ እረፍት ላይ ነኝ፤ ሊፍት ካየሁ ሥራ ትዝ ይለኛል» ይል ነበር። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ርግቦቹን አብልቶ ከጣሪያው ሲወርድ፣ ደረጃው መሀል አረፍ ለማለት ተቀመጠ። ልቡ እዚያው ቆመች። ያገኘችው አክስቷ ናት፤ የመሣሪያ ሳጥኑን እስኪያመጡለት የሚጠብቅ ሰው ይመስል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

ትንሿ በዚያ ደረጃ ላይ እግሯን ሳታሳርፍ ተሻግራው ወጣች።

የርግቦቹ ቤት ከተጣሉ የሊፍት በሮች የተሠራ ነው። በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ከበሩ በላይ «ከስምንት ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው» የሚል የቆርቆሮ ጽሑፍ አሁንም አለ። ድሮ ሃምሳ ስምንት ርግብ ይኖርበት በነበረ ጊዜ አባቷ ጽሑፉን እያሳየ ይስቅ ነበር። አሁን በውስጡ ያሉት ስድስት ናቸው፤ በማረፊያው ዱላ ላይ ተደርድረው በአንድ ዓይን በአንድ ዓይን አዩዋት። ጤነኞች ይመስላሉ።

ሰባተኛዋ ለብቻዋ ነበረች፤ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ በሽቦ ሳጥን ውስጥ። አመድማ ናት። አንገቷ ተጠምዝዞ ምንቃሯ ወደ ሰማይ ዞሯል። ትንሿ ስትቀርባት ወደ ፊት ልትራመድ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ በጎኗ ወደቀች፣ ተነሳች። ከሥሯ ያለው ኩስ አረንጓዴ ነበር።

በሳጥኑ ጥግ ደግሞ ያ ሰማያዊ ኩባያ ተቀምጧል፤ ጥሬ ተሞልቶ፣ ከአፉ ትንሽ ብቻ ጎድሎ።

ከወር በፊት አጎቷ በስልክ የነገራት ትዝ አላት። «ወንድሜ ሐሳቡ እየሄደበት ነው፤ መጥተሽ እዪው። ሻይ በሚጠጣበት ኩባያ ጥሬ ሞልቶ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አገኘሁት። ምነው ብለው ‹ቁርስ ነው› አለኝ።» ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ነበር። ቅዳሜ ሥራ በዛባት። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው።

ጥሬውን በሳጥኑ ወለል ላይ ደፋችውና ኩባያውን ይዛ ወረደች።

«በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቢው» ብላ ለአክስቷ ሰጠቻት። «ሁለቴ።»

«የት አገኘሽው?»

«ጣሪያ ላይ ረስቶት ነው።»

አክስቷ ኩባያውን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደገና አለቀሰች። «ሃያ አራት ሞላ» አለች ከለቅሶው መልስ።

ትንሿ የምትሠራው የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። የተጠመዘዘውን አንገት ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ርግቦችን የሚይዘው ቫይረስ ነው፤ አንጀታቸውን ያውካል፣ ከዚያ ነርቫቸውን ይይዛል፣ ከመንጋ ወደ መንጋም ይሄዳል። ግን አንገት ሌላም ያጣምመዋል፤ ባክቴሪያም፣ መርዝም፣ ከመስታወት ጋር መጋጨትም። «ዓይን ይጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም» ትላለች ለአዳዲስ ሠራተኞች። እሷ ይህን የተማረችው እዚሁ ጣሪያ ላይ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት፤ ወይም የተማረች መስሏት ነበር።

ያን ጊዜ በሽታው በከተማው ዳር ባሉ የዶሮ እርባታዎች ገባ ተብሎ፣ ላቦራቶሪው በየጣሪያው እየዞረ የርግብ ደም እንዲወስድ ታዘዘ። ትንሿ ከተቀጠረች አራተኛ ወሯ ነበር፤ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። አባቷ ርግቦቹን እያንዳንዳቸውን ራሱ ያዘላት፣ ክንፋቸውን ዘርግቶ። እሷ መርፌዋን ስታስገባ እሱ ፊቱን ወደ ጎረቤት ጣሪያ ያዞር ነበር። ሊፍት ሥር ተጋድሞ የሚሠራ ሰውዬ መርፌ ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አንዴ እጁን ብረት ቆርጦት ክሊኒክ ወስደውት በመስኮት ወጥቶ ሄዷል።

«ቀስ በያት፣ ይቺ የልብ ድካም አለባት» ይላል። ቀጥሎም «ይሄኛው ደግሞ አማቱ እኛ ቤት ስለሆነች አይናገርም እንጂ አመመው።»

በማግስቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ በትንንሽ የፕላስቲክ ጉድጓዶች ውስጥ ጨመረች፤ ቫይረሱን፣ ቀጥሎም የዶሮ ቀይ የደም ሴሎችን። ደሙ ቫይረሱን የማያውቅ ከሆነ ቫይረሱ ሴሎቹን ያያይዛቸውና ጉድጓዱን እንደ ሥጋጃ ያለብሱታል። የሚያውቀው ከሆነ ግን ቫይረሱ ይታሰራል፣ ሴሎቹም ወደ ታች ሰምጠው ቀይ ነጥብ ይሠራሉ። የአባቷ ርግቦች ሁሉም ቀይ ነጥብ ሠሩ። በረድፍ በረድፍ፣ በሸሚዝ ላይ እንደተተከለ ቁልፍ።

ደሙ ጠላቱን አውቆታል ማለት ነው። ያወቀው ታሞ ይሁን ተከትቦ ነጥቡ አይናገርም። ስለዚህ በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ክትባት ወስደዋል?» የተከተበ መንጋ ተለይቶ ይቆያል። ያልተከተበ ይወገዳል።

ትንሿ ይህን ጥያቄ የሁሉንም ሰው ደጅ እያንኳኳች ጠይቃለች። በር የዘጉባትን አሮጊት ሳይቀር በቁልፍ ቀዳዳ ጠይቃለች። አባቷን ግን አልጠየቀችውም። ምን ያስጠይቃታል? ታውቀዋለች። ከዚያ በፊት በምሳ ላይ «አባዬ፣ ርግቦቹን አስከትባቸው» ስትለው «ለወፍ ደግሞ መርፌ! ቀጥሎ መነጽር ታዢላቸዋለሽ» ብሎ የሳቀባት ሰውዬ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ «አልወሰዱም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ቅጹን ወስዳ ስትሰጠው መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ረዘም ላለ ጊዜ አነበበው።

«ይቺ ያንቺ ፊርማ ናት?»

«አዎ።»

«በራስሽ ስም የመጀመሪያሽ ነው?»

«የመጀመሪያዬ ነው አባዬ። አዝናለሁ።»

«ታምራለች» አለ። ከሥር «ከላይ የተሞላው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» በሚለው ላይ እሱም ፈረመ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኞች ከረጢት ይዘው መጡ። ርግቦቹን አንድ በአንድ እየያዘ ያቀበላቸው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳባትም። ያ ነው የከበዳት። ቢጮህባት ይቀላት ነበር። እሷ ስትመጣ ርግብ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ሻይ ይቀዳላታል፣ ስለ ሥራዋ ይጠይቃታል፣ «ጎበዝ» ይላል። ቂም ይዞብኛል አለች ለራሷ። በሳምንት የምትመጣው በወር ሆነ፣ የወሩም በስልክ ሆነ።

«ዛሬውኑ እንጨርሳቸው» አለ አጎቷ፣ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ አብሯት ቆሞ። ትንሿ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ነግራው ነበርና ሐዘኑ ሁሉ ጠፍቶ ቁጣ መጥቶበታል። «ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች በረንዳ ላይ ዶሮ አላቸው። ነገ ዶሮዋ ስትሞት የሟች ወንድም ተብዬ የምሰደበው እኔ ነኝ።»

«ስድስቱ አልታመሙም።»

«ያን ጊዜስ የታመመ ነበረ? አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ሄዱ። አንቺው ነሽ እኮ ያልሽው!» እንዳለው ወዲያው ጸጸተው። «ማለቴ… ሥራሽ ነው፤ እኔ አልፈርድብሽም።»

«ያን ጊዜ ደም ነው ያየሁት» አለች። «አሁን ቫይረሱን ራሱን ነው የምፈልገው። ሁለት ቀን ስጠኝ፣ ጋሼ።»

«ለቅሶ ላይ ተቀምጠሽ?»

«ሁለት ቀን።»

አጎቷ የርግቦቹን ቤት የሊፍት በር እየዘጋ «የአባትሽ ልጅ» አለና ወረደ።

ለኃላፊዋ ደወለች። ኃላፊዋ ለማጽናናት ስትመጣ የበረዶ ሳጥን፣ ጥጥ የተጠቀለለባቸው ቀጫጭን ዘንጎችና ብልቃጦች በመኪናዋ ይዛ መጣች። የቀረው ርግቦቹን የሚይዝ ሰው ነበር።

በሳሎኑ ጥግ፣ ሬዲዮው ሥር፣ ሁለቱን ቀን ከወንበሩ ያልተነሳ ሽማግሌ አለ። ሰው ሁሉ «መርፌ» ይለዋል፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየመንደሩ እየዞረ እንስሳ ሲከትብ ስለኖረ ነው። የአባቷ ጓደኛ ነው። መርፌ የሚፈራ ሰውና መርፌ የሚባል ሰው እንዴት ጓደኛ ሆኑ እያለ ሰፈሩ ይስቅ ነበር።

«ጋሽ መርፌ፣ ርግብ ይይዙልኛል?»

ሽማግሌው ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተነሳ። ደረጃውን ሲወጣ ሦስት ጊዜ አረፈ፤ አንደኛው ያረፈበት አባቷ የተቀመጠበት ነው፣ አላወቀም።

አያያዙ የአባቷ አያያዝ ነበር። አውራ ጣቱ በክንፏ ላይ፣ እግሯ በጣቶቹ መሀል። ትንሿ ከእያንዳንዷ ሁለት ናሙና ወሰደች፤ አንዱን ዘንግ ከጉሮሮዋ፣ አንዱን ከኋላዋ። በአንደኛው ያመለጠ በሌላው ይገኛል። ጫፉን ብልቃጥ ውስጥ ሰብራ ከደነች። ሥራ ላይ ያለች ያህል ነበር፤ ጥቁር ልብስ መልበሷ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ሲጨርሱ የታንከሩን ክዳን ጠረጴዛ አድርጋ ቅጹን መሙላት ጀመረች። ብዛት፦ ሰባት። ምልክት፦ በአንዷ ላይ። ክትባት ወስደዋል? የሚለው ላይ ስትደርስ እስኪብርቶዋ ቆመ። አባቷን አሁን መጠየቅ አይቻልም።

«ጋሽ መርፌ፣ እነዚህ ተከትበው ይሆን?»

«ስድስቱን እኔው ነኝ የከተብኳቸው» አለ እጁን በመሐረብ እየጠረገ። «ያቺ አመድማዋ እንግዳ ናት። ከወር በፊት ራሷ መጥታ አረፈች። አባትሽን ሁኔታዋ አላማረውም፣ ያን ዕለቱን ለያት።»

«አባዬ አስከተባቸው?»

«እንደ ፊተኞቹ ነዋ።»

ነፋሱ ቅጹን አነሳው። ትንሿ በመዳፏ ያዘችው። «ፊተኞቹ የትኞቹ?»

ሽማግሌው መሐረቡን ኪሱ ሊከት ብሎ ተወው። ፊቷን አየ። «አንቺ… አታውቂም እንዴ?»

«ይንገሩኝ።»

«እኔ እኮ ኋላ ነግሮሻል ብዬ ነው። ተይው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«ጋሽ መርፌ፣ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው የርግቦቹ ቤት ደፍ ላይ ተቀመጠ። «ሃምሳ ስምንቱንም ከትቤያቸዋለሁ። ከመወገዳቸው ሦስት ወር በፊት ነው። ‹ትንሿ አስከትባቸው ብላኛለች፤ እሷ ካለች አንድ የምታውቀው ነገር አለ› ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ስወጋቸው ያን ጎረቤት ጣሪያ ሲያይ ዋለ።»

«አልነገረኝም።»

«ስቆባት ስለነበረ አፈረ መሰለኝ። ስትመጣ ወረቀቱን አሳይቼ አስደንቃታለሁ ይል ነበር። ከዚያ ያ ቅጽ መጣ።» ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከረጢቱን ይዘው የመጡ ቀን አጠገቡ ቆሜያለሁ። የክትባቱ ወረቀት የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ጫፉ ይታየኛል። ‹አውጣው እንጂ ሰውዬ!› አልኩት። ‹ልጄ ፈርማበታለች› አለኝ። ‹ብትፈርምስ? ሰው አይሳሳትም?› ብለው ‹ገና በሙከራ ላይ ናት። በገዛ አባቷ ቤት ተሳሳተች ሲባል ነው የሚቀጥሯት? ተወው፣ ርግብ ይፈለፈላል› አለ።»

ትንሿ ቆማ ጠበቀች። አንድ ነገር መምጣት አለበት ብላ ጠበቀች፤ እንባ፣ ወይም ጩኸት፣ ወይም ጉልበቷ ሊታጠፍ ይገባ ነበር። ከታች መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ። የመጣ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ቂም ያለችው ነገር ቂም አልነበረም። ይህን እንደ አንድ የምርመራ ውጤት አነበበችውና ባለበት ተወችው።

«ስድስቱ አዎ፣ አንዷ አልወሰደችም» ብላ ጻፈች። የባለሙያ ፊርማ የሚለውን ለኃላፊዋ ባዶ ተወችላት፤ ሰው በራሱ ርግብ ላይ ባለሙያ ሆኖ አይፈርምም። ከሥር «ከላይ የተሞላው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» በሚለው፣ አባቷ በፈረመበት ቦታ፣ ፈረመች።

«አይ አንቺ ልጅ» አለ ሽማግሌው ከደፉ ላይ እየተነሳ። «ልጅ ሆነሽ እንዴት ጠያቂ ነበርሽ! ‹መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ› እያለ ይኮራብሽ ነበር።»

«አዎ» አለች ትንሿ። «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጋሽ መርፌ።»

ሦስተኛው ቀን እንዲሁ አለፈ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። አክስቷ ከወንበሯ እንዳትነሳ ከልክላት ስለነበር ጣሪያ አልወጣችም። ርግቦቹን አጎቷ አበላ፤ «ለስድስቱ ሰጠሁ፣ ለዚያችኛዋ ወለሏ ላይ ሙሉ ጥሬ አላት» አለ። ያቺ ለቀስተኛ ዛሬም መጥታ ዛሬም ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሻይ ቀዘቀዘ፣ ሌላ ተፈላ። አጎቷ ሰማያዊውን ኩባያ የራሱ አድርጎ ይዞታል፤ የቤቱ ታላቅ እሱ ስለሆነ የተናገረው ሰው የለም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኳ ጠራ። ትንሿ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«የስድስቱ ናሙና ነጻ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ማሽኑ የቫይረሱን ዘረመል በሁለቱም ዘንግ ላይ አላገኘም። የሰባተኛዋ ግን አለ፤ በጉሮሮም በኋላም። ስድስቱ የተከተቡ ስለሆኑ አይወገዱም፣ እዚያው ይቆያሉ። የታመመችውን ማስወገድ ወይም ለብቻዋ አቆይቶ ከስድስት ሳምንት በኋላ ማስመርመር ትችያለሽ። ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ ምርጫው ያንቺ ነው።»

«እሺ። እናመሰግናለን።» ስልኩን ልትዘጋ ብላ አልዘጋችም። አባቷ ሁለት ዓመት ኪሱ ውስጥ የደበቀላት ነገር ነው። ካወጣችው የሱ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ካላወጣችው ደግሞ እንደዚያው በቅጹ ላይ ውሸታም ሆኖ ይቀራል። «አንድ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የአባቴ መንጋ የተወገደው በስህተት ነው። ተከትበው ነበር። ሳልጠይቀው ‹አልወሰዱም› ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ኃላፊዋ።

«የከተባቸው ሰው በሕይወት አለ።»

«ይህን በጽሑፍ እፈልገዋለሁ» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ። «እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አይመስለኝም፣ ታውቂያለሽ። አሁን ግን ለቅሶሽን ተቀመጪ።»

አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። «አንዷ ታማለች አይደል? በቃ፣ አንዷን እንገላገላት። ስድስቱ ተረፉ፤ ምን ጎደለ?»

«መጀመሪያ ልያት» አለች።

ጣሪያው ላይ ፀሐይ ነበር። አመድማዋ ርግብ በሳጥኗ ውስጥ ተኮራምታ ላባዋን ነፍታለች፤ ከስታለች። ትንሿ ከትናንት በስቲያ የደፋችው ጥሬ ግን እንዳለ ነው። የተነካ አይመስልም።

ተንበርክካ አየቻት። ርግቧ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ላይ አነጣጠረች፣ ጭንቅላቷ ተንቀጠቀጠ፣ ወረወረችው፤ ምንቃሯ ከፍሬው ሁለት ጣት ርቆ ብረቱን መታ። እንደገና አነጣጠረች። እንደገና ብረቱን መታች። አልተወችም። ቀኝ ነኝ ስትል ግራ፣ ፊት ነኝ ስትል ኋላ፣ በጥሬ መሀል ቆማ ትራባለች።

ትንሿ ይህ ቫይረስ በጉድጓድ ውስጥ የሚሠራውን ታውቃለች፤ በማሽኑ ላይ የሚሠራውን መስመር ታውቃለች። የያዛት ርግብ ቁርሷን እንዴት እንደምትበላ አይታ አታውቅም ነበር። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ከሞሉላት የትም ብትመታ ጥሬ ነው። አባቷ አልጃጀም ነበር። በየጠዋቱ በሚጠጣበት ኩባያ ቁርስ ይዞላት ይወጣ ነበር። እሷ መጥታ ደፋችው።

ደረጃውን ወረደች። አጎቷ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሻይ ይዟል።

«ጋሼ፣ ኩባያውን ስጠኝ።»

«ገና አልጨረስኩም።»

ከእጁ ወሰደችው። ሰው ሁሉ እያየ ሻዩን የወጥ ቤቱ ገንዳ ውስጥ ደፋች፣ ኩባያውን አጠበችው፣ ከአባቷ ማዳበሪያ ጥሬ እስኪፈስ ድረስ ሞላችው።

«ኧረ ምን ነካት?» አለ አጎቷ።

«አባዬ ርግብ ያበላበት ነው» አለችው ስታልፍ፤ አጎቷ አፉን በእጁ ያዘ።

ስትወጣ፣ አባቷ የተቀመጠበት ደረጃ ላይ ረገጠች። አልዘለለችውም። ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካ ኩባያውን ከርግቧ ፊት ያዘችላት፤ እንዳይገለበጥ በሁለት እጇ። ርግቧ አነጣጠረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ መታች። ጥሬ አገኘች። ዋጠች። እንደገና መታች። አንዳንዴ የትንሿን አውራ ጣት ትመታለች። ምንቃሯ ስል ነው፣ ያማል። ትንሿ ጣቷን አላነሳችም።

«ትንሿ!» አለች አክስቷ ከደረጃው ሥር፣ ድምፅዋ እስከ ጣሪያው እያስተጋባ። «እንግዶች መጥተዋል፤ ኩባያ አንሶኛል! የአባትሽን ኩባያ አውርጂልኝ!»

ርግቧ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፣ ወደቀች፣ ተነስታ ወደ ኩባያው ተመለሰች።

«ተይዟል፣ አክስቴ» አለች ትንሿ። ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረባት፤ እጇ እንዳይነቃነቅ ግን ኩባያውን አጥብቃ ያዘች።